በድርጅቶች አለመግባባት ለሚቋረጡ ቻናሎች የከፈልነው ገንዘብ ይመለስልን

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በክፍያ ቴሌቪዥን አቅራቢዎችና በቻናል ባለቤቶች መካከል በሚነሳ አለመግባባት ቻናሎች ሲቋረጡ የደንበኞች መብት እንዲጠበቅ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሐዋሳ ከተማ አቶቴ አካባቢ አነስተኛ ሻይ ቤት ከፍቼ፣ በምሽትና በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ የእግር ኳስ ጨዋታ እያሳየሁ ቤተሰቤን የማስተዳድር ነጋዴ ነኝ። የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። በቴሌቪዥን አቅራቢውና በቻናሉ ባለቤት መካከል ያለው ውል ሳይታደስ በመቅረቱ አንድ ቻናል ከተመልካቹ ሲነሳ፣ መቋረጡ አስቀድሞ በግልጽ እንዲነገረን፣ ለዚያ ጊዜ የከፈልነው ገንዘብም ደጅ ሳንጠና እንዲመለስልን የሚያስገድድ መመሪያ አውጡልን። ሁለቱ ድርጅቶች በስንት ብር ወይም በስንት ዶላር ይስማሙ የሚለው የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ እነሱ እስኪስማሙ ድረስ ወጪውን እኛ መሸከማችን ግን የመንግሥት ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ጥያቄ ያነሳሳኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። የወሩን ክፍያ በቴሌብር ፈጽሜ ብዙም ሳይቆይ፣ ውዱን ፓኬጅ የያዝሁበት ዋነኛ ምክንያት የሆነው ቻናል ከዝርዝሩ ጠፋ። ለደንበኞች አገልግሎት ስደውል፣ ድርጅቱ ከቻናሉ ባለቤት ጋር በድርድር ላይ እንደሆነና ድርድሩ መቼ እንደሚያልቅ እንደማይታወቅ ተነገረኝ። ወደ ዝቅተኛው ፓኬጅ ልውረድና ልዩነቱ ለሚቀጥለው ወር ይያዝልኝ ብዬ ብጠይቅ፣ አንዴ የተከፈለ ገንዘብ ወደ ኋላ እንደማይመለስ በትሕትና አስረዱኝ። የድርጅቱን ስም እዚህ አላነሳም፤ ስልኩን ያነሱት ወጣቶችም ከተጻፈላቸው መመሪያ ውጭ ሊሉኝ የሚችሉት ነገር አልነበረም። አንድ ድርጅት ተወቅሶ ቢታረም እንኳ ሌላው ነገ ያንኑ ማድረግ ይችላል፤ የሚከለክለው ሕግ የለምና።

ደብዳቤዬ ግልጽ ስለሆነና ሌሎች ደንበኞችም ስለሚያነቡት፣ እናንተ በሥራችሁ ጠንቅቃችሁ የምታውቁትን ነገር ባጭሩ ለመግለጽ ይፈቀድልኝ። ዲሽና ዲኮደር የሚሸጥልን፣ ሳተላይት ተከራይቶ ሥርጭቱን የሚያደርስልንና በየወሩ ክፍያ የሚሰበስብብን ድርጅት የሚያሳየንን ነገር ሁሉ ራሱ አያመርተውም። ፊልሙ፣ የልጆች ዝግጅቱ፣ ዜናውና የጨዋታው መብት የሌሎች ኩባንያዎች ነው። አቅራቢው ለእነዚህ ባለቤቶች የሚከፍለው በአብዛኛው በደንበኛ ቁጥር እየተሰላ በየወሩ የሚታሰብ ሒሳብ ሲሆን፣ ውሉም ለተወሰኑ ዓመታት የሚፈረም ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ባለቤቱ የዝግጅት ወጪው እንደናረ ገልጾ ጭማሪ ይጠይቃል፤ አቅራቢው ደግሞ ደንበኛ እየቀነሰበት መሆኑን ጠቅሶ ቅናሽ ይጠይቃል። ባለቤቱ አንዱን ተፈላጊ ቻናል የሚሰጠው እምብዛም የማይታዩ ሌሎች ቻናሎቹም አብረው ከተወሰዱለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የቻናል ባለቤቶች ያንኑ ዝግጅት በራሳቸው የኢንተርኔት መተግበሪያ በቀጥታ ለተመልካች መሸጥ ስለጀመሩ፣ አቅራቢዎቹ በሌላ በኩል በርካሽ ለሚሸጥ ነገር ለምን ሙሉ ዋጋ እንከፍላለን እያሉ ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ሊዳኙ ቢፈልጉ ዳኛ አያጡም፤ እኔ የምናገረው በክርክሩ ውስጥ ስሙ ስለማይነሳው ሦስተኛ ወገን ነው።

ይህ ሦስተኛ ወገን የሚጎዳው በአጋጣሚ አይደለም። የቻናሉ መጥፋት ራሱ የድርድሩ መሣሪያ ነው። ቻናል ሲነሳ የሚናደደው ተመልካች ነው፤ የተመልካቹ ንዴት በአቅራቢው ላይ ካረፈ ባለቤቱ ያሸንፋል፣ በባለቤቱ ላይ ካረፈ አቅራቢው ያሸንፋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ቻርተር የተባለው የኬብል ድርጅትና ዲዝኒ ሳይስማሙ ቀርተው ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞች ከኦገስት 31 እስከ ሴፕቴምበር 11 የዲዝኒን ቻናሎች ማየት አልቻሉም ነበር። ጊዜው በእጅ የሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል የኮሌጆች ውድድር የተጀመረበትና ትልቁ የቴኒስ ውድድር በኒው ዮርክ የሚካሄድበት ሳምንት ነበር፤ ስምምነቱ የተገኘውም ብዙ ሰው የሚጠብቀው የዚሁ ስፖርት ትልቁ ሊግ የሰኞ ምሽት የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ከስምምነቱ በኋላ እንኳ ከዲዝኒ ትናንሽ ቻናሎች የተወሰኑት፣ ከእነሱም መካከል ለሕፃናት የሚተላለፍ አንድ ቻናል፣ በዚያን ጊዜ ወደ ቻርተር ደንበኞች አልተመለሱም ነበር። በዓመቱ በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ ያው ዲዝኒ ዳይሬክት ቲቪ ከተባለ ሌላ አቅራቢ ጋር ተጋጭቶ ቻናሎቹ ለሁለት ሳምንት ያህል ተቋረጡ። ውሎቹ የሚያልቁበት ወቅት ከውድድሮች መክፈቻ ጋር እየተገጣጠመ መምጣቱ ተመልካቹ በሁለቱ መካከል መያዣ ሆኖ እንደሚቀመጥ ያሳያል።

በተለይ ፕሪሚየም የሚባሉትን ቻናሎች በሚመለከት ኤችቢኦ የተባለው የፊልም ቻናልና ዲሽ ኔትወርክ የተባለው የአሜሪካ የሳተላይት አቅራቢ ጉዳይ ሊታይ ይገባዋል። ኤችቢኦ ሥራ ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ1972 አንሥቶ በእንዲህ ያለ አለመግባባት ከአንድ አከፋፋይ ደንበኞች ተቋርጦ አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2018 ግን ከዲሽ ተነሣ፤ የተመለሰውም በጁላይ 2021፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ነው። ዲሽ በወቅቱ ያቀረበው ቅሬታ ቻናሉን የሚገዛው ሰው ቁጥር ቢያንስም ባያንስም ለተወሰነ የደንበኛ ብዛት ክፍያ ዋስትና እንድሰጥ ተጠየቅሁ የሚል ነበር። እዚህ ላይ ከእኛ ሁኔታ ጋር የሚለየውን አንድ ነጥብ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ አገር ኤችቢኦ ከመሠረታዊው ፓኬጅ ውጭ ለብቻው ዋጋ ወጥቶለት የሚገዛ ቻናል ስለነበር፣ ሲቋረጥ ደንበኛው ለእሱ መክፈሉን ያቆማል፤ ለየትኛው ነገር ምን ያህል ይከፍል እንደነበር ያውቃልና። እኛ ግን የምንገዛው በብዙ ቻናሎች የተሞላ ፓኬጅ ነው። ከመካከላቸው ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ስንል ትልቁን እንይዛለን፤ ያ አንዱ ሲጠፋ ግን የቀሩት በርካታ ስለሆኑ ምንም እንዳልጎደለብን ይቆጠራል።

በአፍሪካም ሁኔታው ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ኮትዲቯር ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች የሥርጭት መብቱን የያዘው የቶጎው ኒው ወርልድ ቲቪ ነበር። ዲኤስቲቪን የሚያቀርበው መልቲቾይስ መብቱን እንዳላገኘ አስቀድሞ አሳወቀ፤ ውድድሩ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ሁለቱ ተስማምተው 52ቱም ጨዋታዎች ሱፐር ስፖርት በተባሉት የመልቲቾይስ ቻናሎች ታዩ። አስቀድሞ መናገሩ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁንና በእነዚያ ሳምንታት ጨዋታ በማሳየት የሚተዳደር ሰው ሌላ ዲኮደር ይግዛ ወይስ ይታገሥ ብሎ ለመወሰን የሚረዳው አንዳች መረጃ አልነበረውም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 መልቲቾይስ የኢሚዲያ የቴሌቪዥን ኩባንያን አራት ቻናሎች ከዝርዝሩ ሲያወጣ ጉዳዩ ወደ ውድድር ዳኝነት ሄዶ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ቻናሎቹ ለስድስት ወር እንዲታዩ አዝዟል። ይህንን የማነሳው እናንተም እንዲሁ እንድታዝዙ ለመጠየቅ ሳይሆን፣ ጉዳዩ የሁለት ነጋዴዎች የግል ጠብ ነው ተብሎ የሚታለፍ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ከዚህ የሚበልጥብኝ ስጋት ግን ሌላ ነው። የፈረንሳዩ የክፍያ ቴሌቪዥን ኩባንያ ካናል ፕሉስ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 የዚያው አገር ጣቢያ የሆነውን የቲኤፍ 1ን ቻናሎች ከፈረንሳይ ደንበኞቹ ላይ አንሥቶ እስከ ኖቬምበር ድረስ አቆይቷል፤ ይኸው ኩባንያ በ2025 መልቲቾይስን በቁጥጥሩ ሥር አድርጓል። ይህን ማለቴ ኩባንያው ነገ በእኛ ላይ እንዲህ ያደርጋል ለማለት አይደለም። ማለት የፈለግሁት፣ በአህጉራችን የክፍያ ቴሌቪዥን ድርድር የሚካሄደው ብዙ አገሮችን በአንድ ጊዜ በሚሸፍኑ ውሎች በፓሪስና በጆሃንስበርግ መሆኑን ነው። በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ላይ የደቡብ አፍሪካና የናይጄሪያ ደንበኞች ቁጥር ይመዘናል፤ የሐዋሳ፣ የዲላ ወይም የሻሸመኔ ደንበኛ ቢቆጣም ቢደሰትም ውጤቱን የሚለውጥ ክብደት የለውም። አሜሪካዊው ደንበኛ አቅራቢውን ትቶ ወደ ሌላው በመዞር ድምፁን ያሰማል፤ እኛ አማራጫችን እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስለ እኛ የሚናገር አካል ቢኖር ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የራሳችን መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

በውጭ ምንዛሪ በኩል ያለውን ችግር አልክድም። የቻናሎችና የውድድሮች መብት በአብዛኛው የሚገዛው በዶላር ሲሆን፣ እኛ የምንከፍለው በብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ልዩነት ለማንኛውም አስመጪ ምን እንደሆነ ሁላችንም በየሥራችን አይተነዋል። መልቲቾይስም የናይጄሪያ ናይራ መውደቅ በገቢው ላይ ያደረሰውን ጉዳት በሪፖርቶቹ ሲገልጽ ቆይቷል። የምንዛሪ ጫና በበረታ ቁጥር ውል ለማደስ የሚያስቸግሩ ጊዜያት ይበዛሉ፤ ቻናሎች የሚቋረጡበት አጋጣሚም ይጨምራል። መመሪያው አሁን ያስፈልጋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አለመግባባቱ ከተነሣ በኋላ የሚወጣ ሕግ ለዚያ ጊዜ ደንበኛ አይደርስለትም።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ የቅንጦት ጉዳይ ነው ሊል ይችላል። በሐዋሳ እንዲህ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የቴሌቪዥን መብት ለአምስት ዓመት ለመልቲቾይስ ሲሰጥ፣ የአገራችን ክለቦች ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በመደበኛነት በክፍያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። በዚያው የውድድር ዘመን ጨዋታዎቹ ቡድኖቹ በየከተሞቻቸው መጫወታቸው ቀርቶ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ ተካሄዱ። ሊጉን በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ያሸነፈው ሐዋሳ ከተማ፣ የዚሁ ከተማ ሌላው ክለብ ሲዳማ ቡናም ጅማ ወይም ድሬዳዋ ላይ ሲጫወቱ፣ የከተማው ደጋፊ ቡድኑን የሚያይበት መንገድ የክፍያ ቴሌቪዥን ሆነ። ሊጉ ገቢ አገኘ፣ ተጫዋቾቻችንም በሌሎች አገሮች ታዩ፤ ይህ መልካም ነገር ነው። ሆኖም የአገር ውስጥ ሊግ በክፍያ ቻናል ውስጥ ከገባበት ቀን ጀምሮ የዚያ ቻናል መኖርና አለመኖር የሕዝብ ጉዳይ ሆኗል።

የኳስ ማሳያ ቤት የሚባለውን ነገርም ከመሥሪያ ቤት ሆኖ ለሚያየው ሰው ልግለጽ። በአቶቴ፣ በመናኸሪያ አካባቢና ወደ ታቦር በሚወስዱት መንገዶች ያሉት ቤቶች በአንድ ቴሌቪዥን ፊት አግዳሚ ወንበር ደርድረው የሚያሳዩ ናቸው። ባለባጃጁ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛዋ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውና ጫማ የሚጠርገው ልጅ ለየራሳቸው ዲኮደር መግዛት ስለማይችሉ በጋራ የሚያዩት እዚያ ነው። አንድ ዲኮደር በወረቀት ላይ አንድ ደንበኛ ነው፤ ከኋላው ያሉት ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። ቻናሉ ሲጠፋ የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የልጆቹ ደመወዝ አይቀርልኝም፤ የቀረው ሰው ነው። እንደ ንግድ ቤት የሚከፍሉት ከመኖሪያ ቤት ደንበኛ የበለጠ ሲከፍሉ፣ ቻናል ሲጎድል ግን የሚደርስባቸው የተለየ ጉዳት በምንም መልኩ አይቆጠርም።

አሁን ስላለው ሕግ ላንሳ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን የመጠበቅ ሥራም የቀድሞው ባለሥልጣን ከፈረሰ በኋላ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። በሌላ በኩል የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ብሮድካስት ሥራን የመፍቀድና የመቆጣጠር ሥልጣን ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ደብዳቤዬን ለሁለታችሁም የጻፍሁት ለዚህ ነው። የቴሌቪዥን ደንበኛ ስለ ገንዘቡ ሲያመለክት ጉዳዩ የብሮድካስት ነው፣ ስለ ቻናሉ ሲያመለክት ደግሞ ጉዳዩ የንግድ ነው እየተባለ በሁለት ቢሮዎች መካከል ሊቀር ይችላል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በጋራ አንድ መመሪያ ቢያወጡ ይህ ክፍተት ይዘጋል።

አቅራቢዎች ይህን ጥያቄ ሲሰሙ የሚያነሡት የመጀመሪያው መከላከያ የውል ቅጻቸው እንደሚሆን እገምታለሁ። እኔም በፈረምሁት ቅጽ ላይ ድርጅቱ ቻናሎችን በማንኛውም ጊዜ ሊጨምር፣ ሊቀንስ ወይም ሊለውጥ እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ሆኖ ይጸናል፤ ይህን አከብራለሁ። ነገር ግን ውል የሚያሰኘው ሁለቱም ወገኖች የሚሰጡት ነገር መታወቁ ነው። እኔ የምሰጠው ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ ተቆርጦ ታውቋል፣ በቀኑም አስቀድሜ ከፍያለሁ፤ ድርጅቱ የሚሰጠኝ ግን እሱ ራሱ በፈለገ ጊዜ የሚቀንሰው ከሆነ፣ የታሰርሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሱቅ ሄጄ ለአንድ ኪሎ ስኳር ከፍዬ ሩቡ ቢጎድልብኝ፣ ባለሱቁ ከጅምላ አከፋፋዩ ጋር ተጣልቼ ነው ቢለኝ ማንም ተቆጣጣሪ አይቀበለውም። በወረቀት ላይ አስፈርሞኝ ቢሆን እንኳ ሚዛኑ አይቀየርም።

የሚከብደው ጥያቄ፣ ከብዙ ቻናሎች አንዱ ሲጎድል ተመላሹ ስንት ነው የሚለው ነው፤ ብዙ ያሰብሁበትም ይህንን ነው። የፓኬጁን ዋጋ በቻናሎቹ ቁጥር ማካፈል ፍትሐዊ አይደለም፤ ማንም የማያየው የሙዚቃ ቻናልና ሰው ሁሉ የሚጠብቀው የጨዋታ ቻናል እኩል ዋጋ ያላቸው ያስመስላልና። የሕንድ አሠራር እዚህ ላይ ሊጠና የሚገባው ይመስለኛል። የሕንድ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከፌብሩዋሪ 2019 ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው ሥርዓት እያንዳንዱ የክፍያ ቻናል ለብቻው ዋጋ ወጥቶለት ለሕዝብ እንዲገለጽ፣ ደንበኛውም ከፈለገ የሚፈልገውን ቻናል ብቻ መርጦ እንዲገዛ አስገድዷል። የቻናል ባለቤት ሥርጭቱን ከማቋረጡ በፊትም የሦስት ሳምንት ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ደንግጓል። ይህ ሥርዓት ጠብን አላስቀረም፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ዲዝኒ ስታር፣ ዚ እና ሶኒ የተባሉት የቻናል ባለቤቶች አዲሱን ዋጋ አልፈርምም ባሉ የኬብል ድርጅቶች ላይ ቻናሎቻቸውን ዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ተቋርጠው ነበር። ነገር ግን የእያንዳንዱ ቻናል ዋጋ በአደባባይ የታወቀ በሆነበት አገር ደንበኛው ምን እንደጎደለበት በቁጥር ማሳየት ይችላል። እኛ ዘንድ ያንን ሙሉ ሥርዓት በአንድ ጊዜ መዘርጋት ከባድ ቢሆን፣ ቢያንስ ለየፓኬጁ ዋነኛ ለሆኑት ጥቂት ቻናሎች ከፓኬጁ ዋጋ ምን ያህሉ እንደሚታሰብላቸው አቅራቢው አስቀድሞ ለባለሥልጣኑ እንዲያስመዘግብ ማድረግ ይቻላል። እነዚህም ቻናሎች ድርጅቱ በማስታወቂያው ላይ ስማቸውን እየጠራ ደንበኛ የሚስብባቸው ናቸው፤ ስማቸውን ጠርቶ የሸጠበት ነገር ሲጎድል ዋጋ አልነበረውም ሊል አይችልም።

ገንዘብ መመለስ በአሠራር አይቻልም የሚባለውንም አልቀበልም። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 30 እስከ ኖቬምበር 14 ቀን 2025 የዲዝኒ ቻናሎች በኢንተርኔት የክፍያ ቴሌቪዥን ከሚያቀርበው ከአሜሪካው ዩቲዩብ ቲቪ ሲቋረጡ፣ ዩቲዩብ ቲቪ ለደንበኞቹ የ20 ዶላር ማካካሻ ሰጥቷል። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽንም በጃንዋሪ 2024 በእንዲህ ያለ አለመግባባት ቻናል ሲቋረጥ ለደንበኞች ተመላሽ መስጠት ግዴታ እንዲሆን የሚጠይቅ ረቂቅ ለውይይት አቅርቦ ነበር። እኛ ደግሞ ክፍያችንን የምንፈጽመው በባንክና በቴሌብር ነው፤ የእያንዳንዱ ዲኮደር ቁጥርና የተከፈለበት ቀን በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ተመዝግቧል። ክፍያችን ባለቀ ደቂቃ ሥርጭቱን በራሱ የሚዘጋ ሥርዓት፣ ቻናል የጎደለባቸውን ቀናት ቆጥሮ በሚቀጥለው ወር ሒሳብ ላይ ማሰብ ሊያቅተው አይችልም።

ከዚህ በላይ ከባድ የሆነው ተቃውሞ፣ ቁጥጥር ሲበዛ ድርጅቶቹ ከአገር ይወጣሉ፣ ወይም ዋጋ ይጨምራሉ የሚለው ነው። ይህን በቀላሉ አላልፈውም፤ አማራጫችን ጠባብ መሆኑን ራሴ ጽፌዋለሁ። ስለዚህ ነው በዋጋ ድርድሩ ውስጥ ግቡ፣ ቻናል በግድ እንዲቆይ እዘዙ፣ ወይም ቅጣት ጣሉ ያላልሁት። የጠየቅሁት ላልቀረበ አገልግሎት የተሰበሰበ ገንዘብ ወደ ከፋዩ እንዲመለስ ነው። ቻናሉ በጠፋባቸው ቀናት አቅራቢው ለቻናሉ ባለቤት የሚከፍለው ነገር በአብዛኛው ስለማይኖር፣ የሚመልሰው ገንዘብ ከኪሱ የሚወጣ ሳይሆን ያላወጣው ወጪ ነው። ዛሬ ባለው አሠራር ግን ጠቡ በረዘመ ቁጥር አቅራቢው ወጪ ይቀንሳል፣ ገቢው ግን አይቀንስም። ይህ ሒሳብ ሲስተካከል ሁለቱም ወገኖች ቶሎ ለመስማማት ምክንያት ያገኛሉ።

በመመሪያው ውስጥ እንዲካተቱልኝ የምጠይቃቸውን በዝርዝር ላስቀምጥ። አንድ ውል ሊያልቅ ሲቃረብና መታደሱ ሳይረጋገጥ ሲቀር፣ አቅራቢው ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት በቴሌቪዥኑ ላይና በስልክ መልእክት ለደንበኞቹ እንዲያሳውቅ፤ መልእክቱም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሲዳምኛ፣ በአፋን ኦሮሞና ደንበኞቹ በሚናገሯቸው ሌሎች ቋንቋዎች እንዲሆን። ቻናሉ ከተቋረጠ፣ ተመላሹ ደንበኛው ሳያመለክት በሚቀጥለው ወር ክፍያ ላይ እንዲታሰብ፤ ማመልከት ግዴታ ከሆነ ደውሎ ለመከራከር ጊዜና አቅም ያለው ብቻ ይጠቀማል፣ በገጠር ያለው ይቀራል። ደንበኛው በመቋረጡ ምክንያት ወደ ዝቅተኛ ፓኬጅ መውረድ ወይም ጨርሶ መውጣት ከፈለገ፣ የቀረው ቀሪ ገንዘብ ሳይቆረጥበት እንዲፈቀድለት። ዲኮደሩን በቅርቡ የገዛ ሰው፣ በተለይም በማስታወቂያ ላይ ስሙ በተጠራው ቻናል ምክንያት ገዝቶ ከሆነ፣ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን የሚወስድበት የተወሰነ ጊዜ ቢሰጠው ደስ ይለኛል። ለንግድ ቤቶች ደግሞ ተመላሹ በከፈሉት የንግድ ዋጋ መጠን መሆን አለበት። የኢትዮጵያ ክለቦችና ብሔራዊ ቡድኖች የሚጫወቱባቸው ውድድሮች በሚተላለፉበት ቻናል ላይ አለመግባባት ሲነሣ፣ ቢያንስ እነዚያን ጨዋታዎች በነፃ የሚያሳይ የአገር ውስጥ ጣቢያ እንዲኖር ባለሥልጣኑ ከሊጉና ከፌዴሬሽኑ ጋር አስቀድሞ እንዲነጋገር እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 ዓ.ም. የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ በየሰፈሩ ዲሽ አዙሮ የሚያስተካክል ባለሙያ የጠራው፣ ገንዘቡንም ከኪሱ የከፈለው ተመልካቹ ነበር። ዝውውሩ ለአገር የሚጠቅም ነበርና ብዙ ሰው አልተከራከረም። ነገር ግን በቴሌቪዥን ሥራ ላይ ለሚደረግ ለውጥ ሁሉ ወጪው በተመልካቹ ላይ እንዲያርፍ ልማድ ሆኗል፤ የልማዱ መነሻ በጎ ስለነበረ የሁለት ኩባንያዎች የዋጋ ጠብም በዚያው መንገድ ሊያልፍ አይገባም።

መመሪያውን ለማዘጋጀት ስትነሱ ከአቅራቢዎቹና ከቻናል ባለቤቶቹ ጋር በአዲስ አበባ ብቻ እንዳትመክሩ እለምናለሁ። ሐዋሳ ላይ፣ ከተቻለም አዳማ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ ላይ ደንበኞችና የኳስ ማሳያ ቤት ባለቤቶች የሚገኙበት ስብሰባ ይጠራ። በዚህ ከተማ በተመሳሳይ ሥራ የተሰማሩ ጎረቤቶቼ ይህን ደብዳቤ አንብበው ተስማምተውበታል፤ ስብሰባ ቢጠራ በራሳችን ወጪ እንገኛለን። ስለ ጉዳዩ ያላችሁን አቋምም በጽሑፍና በይፋ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ፤ መልሱ እኔን ብቻ የሚመለከት አይደለምና ለሁሉም ደንበኛ በሚደርስ መንገድ ቢወጣ ይመረጣል። እኔ በበኩሌ የክፍያ ደረሰኞቼን፣ የፈረምሁትን የውል ቅጽና ከደንበኞች አገልግሎት በስልክ የተላከልኝን መልእክት በተጠራሁበት ቀን ይዤ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር

የክፍያ ቴሌቪዥን ደንበኛና የኳስ ማሳያ ቤት ባለቤት
ሐዋሳ፣ አቶቴ

ግልባጭ፦
በሲዳማ ክልል የንግድ ሥራን ለሚመራው ቢሮ፣ ሐዋሳ